ሲሶ የጎደለው ጭማቂ

እናትአለምን ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያገኘቻት የጽዳት ሠራተኛዋ ኩልሚዬ ናት። መጋቢት 19 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር። እኔ ስደርስ ቀድመውኝ የመጡት ሁለት ፖሊሶች ሥራቸውን ጨርሰው በረንዳው ላይ ሻይ ይጠጣሉ። «ሜታኖል የተባለ መርዝ ጠጥታ ራሷን አጥፍታለች» ብለው ጽፈው ፈርመውበታል። ሬሳው እኮ ገና ወለሉ ላይ ነው። በሃያ አራት ዓመት የፖሊስ ሥራዬ እንዲህ የፈጠነ ምርመራ አይቼ አላውቅም፤ ሻያቸውን አስቀምጠው ከፊቴ ዞር እንዲሉ ነገርኳቸው።

ቤቱ የመንግሥት የምግብ ጥራት መመርመሪያ ላቦራቶሪ ነው፤ አንድ ትልቅ ክፍል፣ ከጎኑ ደግሞ በቀጭን ግድግዳ የተለየ የዕቃ ክፍል። እናትአለም በጠረጴዛውና በፍሪጁ መካከል በጎኗ ተኝታለች። ነጭ ጋውኗ እንደተቆለፈ ነው። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ቡናማ የሜታኖል ጠርሙስ፣ ከሥሩ ጥቂት የቀረበት ብርጭቆ። ሌላው ሁሉ ጭማቂ ነው፤ የማንጎ፣ የብርቱካን፣ የወይን፣ የአናናስ፤ በካርቶን፣ በፕላስቲክ፣ በጠርሙስ። እያንዳንዱ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል።

ለተሥላሴ እባላለሁ፤ ኢንስፔክተር ነኝ። አያቴ በጃንሆይ ዘመን ከጦሩ ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ወታደር ናቸው፤ አባቴም እኔም ጅጅጋ ተወለድን። ሶማልኛ ከአማርኛ እኩል ነው የምናገረው። እህቶቼ አንድ በአንድ አዲስ አበባ ሲገቡ እኔ ከቤቱ ጋር ቀረሁ። ብቻዬን እኖራለሁ። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ከነገሩ ጋር ስለሚገናኝ ነው።

የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት። ብቸኛ ነበረች። ከወልዲያ መጥታ ሦስት ዓመት ስትኖር ጓደኛ የላት፣ እጮኛ የላት፣ እድር የላት። ምሳ አትወጣም፣ ሠርግ አትሄድም። ታዲያ ራሷን ብታጠፋ ምን ይገርማል? ይሉኛል። እንግዲህ እኔ ነገ ቤቴ ውስጥ ሞቼ ብገኝ ምስክር አላጣም ማለት ነው። ተናደድኩ። ሰው ብቻውን መኖሩን እንደ ማስረጃ ሲያቀርቡልኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

አብሮኝ የሚሠራው ሳጅን ዐቦኮር ንዴቴን ያውቃል። «አባዮ፣ ቀስ በይ» አለኝ። አባዮ ማለት እህት ማለት ነው፤ ሊያባብለኝ ሲፈልግ ነው እንዲያ የሚለኝ።

*

ሆስፒታል የተቀበለን ዶክተር ኤቢ የሚባል ወጣት ሐኪም ነው። ደሟን አዲስ አበባ እንደሚልክ፣ መልሱ ግን ሳምንታት እንደሚፈጅ ነገረኝ። እኔ ሳምንታት የለኝም። አሁን የምታውቀውን ንገረኝ አልኩት።

ረቡዕ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሞተችው አለ። መርዙም ከምልክቱ ሜታኖል ይመስላል። አንድ ነገር ግን አልገባውም። ሜታኖል ወዲያው አይገድልም። የጠጣው ሰው መጀመሪያ ሞቅ ይለዋል፣ ያድርና ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ ዐይኑ መጋረድ ይጀምራል። እስኪሞት ግማሽ ቀን፣ ብዙ ጊዜም አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል።

«ስለዚህ የጠጣችው ማክሰኞ ነው» አልኩ።

«ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ። ረቡዕ ቀትር ላይ እንኳ ቢያመጡልኝ አድናት ነበር። መድኃኒቱ ቢጠፋ በተራ አረቄም ይታከማል። ከላቦራቶሪው እዚህ ድረስ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው።»

እንግዲህ ማክሰኞ መርዝ የጠጣች ሴት ረቡዕ ማታ ብርጭቆውንና ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አሰናድታ አትሞትም። ያን ብርጭቆ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው። ይህን ለዐቦኮር ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በይ አላለኝም።

*

ከሆስፒታል እንደወጣሁ ስልኬ ጮኸ። የእናትአለም እናት ናቸው፤ ወይዘሮ ቦጋለች። አውቶቡስ ላይ ናቸው፤ ዓርብ ማታ ይደርሳሉ። አላለቀሱም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጃቸው ፍትሐት ይደረግላታል ወይ?

እግሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን አቀናሁ። መምሬ ሉልን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ አባቴንም እናቴንም የቀበሩ እሳቸው ናቸው። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ራሱን ላጠፋ ሰው የፍትሐት ጸሎት አይደረግም፤ ያውም በዐቢይ ጾም። ሥርዓቱ ነው ልጄ፣ እኔ አላወጣሁት አሉኝ። ዐይናቸውን ግን ከእኔ ዐይን ሸሸት አደረጉ፤ ከብዷቸዋል።

«በገዛ እጇ እንዳልሞተች የሚል የፖሊስ ደብዳቤ ይዤ ብመጣስ?»

«ያን ጊዜማ ራሴ ነኝ የምፈታት። ግን ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ይቀበራል፤ ከዚያ በላይ ሬሳው አይቆይም።»

ሁለት ቀን ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ላይ አማኝ ነኝ ብዬ አልኩራራም። ግን አንዲት እናት ሁለት ቀን በመኪና ተንገላታ መጥታ ልጇ እንደ ውሻ አፈር ሲመለስባት ቆማ ስታይ ማየት አልችልም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሥራዬ ያ ብቻ ሆነ።

*

በላቦራቶሪው ከእናትአለም ጋር የምትሠራው ፌኔት የምትባል የባቢሌ ልጅ ነች። ዐይኗ በልቅሶ አብጧል። ሥራቸውን እንድታስረዳኝ ጠየቅኳት፤ ስታስረዳ ትንሽ ተረጋጋች።

ከተማው ውስጥ የሚሸጠውን ጭማቂ ሁሉ ሰብስበው ውስጡ ያለውን ፖሊፊኖል ይለካሉ። ፖሊፊኖል ከተክሉ የሚገኝ፣ ለልብም ለደም ሥርም ይበጃል የሚባል ነገር ነው። ጭማቂው ላይ አንድ ቢጫ ፈሳሽና ሶዳ ይጨምሩና ሁለት ሰዓት ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ፖሊፊኖሉ በበዛ ቁጥር ሰማያዊ ቀለሙ ይጠቁራል፤ መሣሪያው ጥቁረቱን አንብቦ ቁጥር ይሰጣል። አሥራ ሁለት ናሙና ነው የያዙት። ሰኞ ሁሉም ተለኩ።

«ለአንድ ልኬታ ምን ያህል ጭማቂ ትወስዳላችሁ?»

«አሥር ሚሊ ሊትር። አንድ የሾርባ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።»

«ከአንድ ሊትር ጠርሙስ? ቀሪውስ?»

ፌኔት አንገቷን ደፋች። ይጠጡታል። ምግብ መድፋት ኃጢአት ነው። ፍሪጁም አንድ ብቻ ስለሆነ ናሙናውም የሚጠጣውም እዚያው ነው የሚቀመጠው። እናትአለም ጾመኛ ነበረች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም፤ ዘጠኝ ሲሆን ከናሙናው የተረፈውን ቀድታ በዚያ ትገድፋለች። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል።

«ማክሰኞስ በየትኛው ገደፈች?»

«በቁጥር ሰባት፤ በጥቁር ወይኑ። ሁለት ብርጭቆ ጠጣች። ትንሽ አቃጠለኝ፣ ፈልቷል መሰል አለችኝ። ሰኞ ማታ መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲሞቅ ስላደረ ሁለታችንም ፈልቶ ነው አልን። እኔ እንኳ ወይን አልወድም፤ አናናስ ጠጣሁ።» ከዚያ እንባዋ መጣ። «ድፊው አላልኳትም» አለች።

ረቡዕ ጠዋት ፌኔት ናሙና ልትሰበስብ ወደ ቱሊ ጉሌድ ሄዳ ነበር። ስትወጣ እናትአለም ራሴን አሞኛል ብላታለች። ስትመለስ ማታ ሆኖ በቀጥታ ቤቷ ገባች።

ቁጥር ሰባት የማን ጭማቂ እንደሆነ ጠየቅኩ። የፋሩቅ ነው። ሰኞ ዕለት ፋሩቅ እዚህ ድረስ መጥቶ ከእናትአለም ጋር ተጯጩኋል። የቁጥር ሰባት ጠርሙስስ የት ነው? ጠረጴዛውም ፍሪጁም ላይ ያሉትን ናሙናዎች ቆጠርን። አሥራ አንድ። ሰባት የለም።

*

ፋሩቅ ከከሚሴ መጥቶ ጅጅጋ ገበያ ውስጥ መደብር የከፈተ ሰው ነው፤ ከበርበራ ወደብ በድንበሯ ከተማ በወጃሌ በኩል የሚገባ ጭማቂ ያከፋፍላል። ስንደርስ ካርቶን ያወርድ ነበር። መሞቷን ስነግረው ካርቶኑን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ይህን አስመስሎ የሚያደርግ ሰው አይቻለሁ፤ ስለዚህ አላዘንኩለትም።

ለምን ተጣላችሁ አልኩት። የአንድ ሌላ ድርጅት ብርቱካን የእሱን ወይን በልጦ ወጣ። ብርቱካኑ ግን ስኳርና ውሃ ነው፣ ከተማው በሙሉ ያውቃል። በዚህ ወረቀት ልታጠፊኝ ነው ብሎ ጮኸባት። እሷ ግን አልተቆጣችም አለኝ። እስኪጨርስ አዳምጣ፣ እውነትህን ሊሆን ይችላል፣ ብርቱካኑ ውስጥ ቫይታሚን ሲ ጨምረው ይሆናል፣ እሱም እንደ ፖሊፊኖል ሰማያዊ ያደርጋል፣ መሣሪያው አይለየውም፤ ረቡዕ ሁሉንም በሌላ መንገድ ደግሜ እለካለሁ አለችው።

«የአገሬ ልጅ ናት» አለ ፋሩቅ። «በሦስት ዓመት አንድ ቀን ሻይ ግቢ ብያት አላውቅም።»

ንግግሩ ጥሩ ነበር። እኔ ግን በንግግር ሰው አልፈታም። የጠፋው ጠርሙስ የእሱ ነው፣ ጠብ ነበረው፣ ጠጥታ የሞተችውም ከዚያ ነው። አሰርኩት። ዐቦኮር ቅር አለው፤ እኔም ደስ አላለኝም፤ ቢሆንም ሐሙስ ማታ ፋሩቅ እስር ቤት አደረ።

*

ዓርብ ጠዋት የላቦራቶሪው ተጠባባቂ ኃላፊ አቶ ገብረየስ ራሱ ቢሮዬ መጣ። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። እጁ ላይ የባቢሌ ኦቾሎኒ በላስቲክ ይዟል። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሚኒባስ ሐረር ሄጄ አድሬ ሐሙስ ቀትር ላይ ነው የተመለስኩት፣ መሞቷንም የሰማሁት ያኔ ነው አለኝ። ኦቾሎኒውን ከመንገድ ነው የገዛሁት ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

ስለ እናትአለም ጠየቅኩት። ታታሪ ነበረች፣ ግን ብቸኛ አለ። እሱም ያንኑ! ሐዘንተኛ ፊት ነበረው፤ ሐዘኑም የውሸት አልነበረም። ፋሩቅን በማሰሬ አመሰገነኝ። ሲወጣ ኦቾሎኒውን ለዐቦኮር ሰጠሁት፤ እኔ በጾሜ ጉቦም ኦቾሎኒም አልበላም ብዬ ቀለድኩ። ዐቦኮርም አልበላውም።

ከዚያ የእናትአለምን የሥራ ደብተር ከፈትኩ። እኔ ኬሚስትሪ አላውቅም፤ ግን ፖሊስ ነኝ፣ የሰው ጽሑፍ ማየት እችላለሁ። የሰኞው ገጽ እንደ ሕትመት ያማረ ነው። የረቡዕ ገጽ ላይ ፊደሉ ከመስመሩ እየወጣ፣ እየሰፋ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረበ ይሄዳል። ዐይኗ እየጠፋ ነው የምትጽፈው። ይህች ልጅ ራሷን እያመማት፣ ዐይኗ ሲጋረድ፣ ለፋሩቅ በገባችው ቃል አሥራ ሁለቱንም ናሙና ደግማ ለካች። ደብተሩን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

እንደገና ስከፍተው ከቁጥር ሰባት አጠገብ አንድ ነገር አየሁ። ሰኞ «600»። ረቡዕ «400»። ከጎኑ በተንጋደደ ጽሑፍ «ሲሶው የት ሄደ? ሐሙስ ይደገም» ይላል። ሌሎቹ አሥራ አንዱ በሰኞው ዘዴም ሲለኩ ቁጥራቸው ያው ነው።

ፌኔትን አስጠራሁ። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያየች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ፖሊፊኖል በሁለት ቀን ውስጥ እንዲህ በአንዴ አይጠፋም። መብራት ቢጠፋ እንኳ ሌሎቹም በጎደሉ ነበር። ቁጥሩ እንዲህ የሚወርደው ጭማቂው ሲቀጥን ነው። ሁለት እጅ ወይን ላይ አንድ እጅ ሌላ ፈሳሽ ከተጨመረበት ስድስት መቶው አራት መቶ ይሆናል።

«አንድ እጅ ሜታኖል» አልኩ።

«አዎ። ሰኞ ግን አልነበረበትም። ሰኞም እኮ ከዚሁ ጠርሙስ ጠጥታለች፤ ምንም አልሆነችም።»

እንግዲህ ጭማቂው ከፋሩቅ እጅ ደኅና ሆኖ ነው የመጣው። መርዙ የገባበት ከሰኞ ማታ በኋላ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ ነው። ፋሩቅን ራሴ ሄጄ ፈታሁት፤ ይቅርታም ጠየቅኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው በእኔ ደረሰ። እሱ ግን አልተቀየመኝም፤ የሚያስብበት ሌላ ነበር። ቀብሩ መቼ ነው ብቻ አለኝ።

በዚህ ብቻ ለመምሬ ሉል ደብዳቤውን ልጽፍ እችላለሁ ብዬ አሰብኩ። አልችልም። ደብተር ብቻ ይዤ ብሄድ፣ ሜታኖሉን ራሷ ብትጨምረውስ? ይሉኛል። የጨመረው ሰው ያስፈልገኛል።

*

ኩልሚዬን የመጀመሪያዎቹ ፖሊሶች ጠይቀዋታል። የጠየቋት በአማርኛ ነው፤ ያውም ሬሳውን ስንት ሰዓት አገኘሽ ብቻ። ከተማው ዳር ካለው ቤቷ ሄጄ መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ኤዶ» አልኳት፤ የአባትን እህት እንደሚጠሩት። በሶማልኛ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ፍየሎቿ፣ ዝናቡ ስለመዘግየቱ አወራን። እናትአለምን ከሁሉም በላይ የምታውቃት እሷ ሆና ተገኘች። ሁልጊዜ ጠዋት ስትገባ በሶማልኛ ሰላም ትለኛለች፣ ትሳሳታለች፣ አርማታለሁ፣ እንስቃለን አለችኝ። ብቸኛ ናት ያሉኝ ሁሉ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አልጋቸው ውስጥ ነበሩ።

ረቡዕ ዕለት ማንን እንዳየች ጠየቅኳት። ማንም ያልጠየቃት ጥያቄ ነበር።

ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ባልዲዋን ልትወስድ የዕቃ ክፍሉን ከፈተች። አቶ ገብረየስ መብራት ሳያበራ የጭማቂ ሣጥን ገልብጦ ተቀምጧል፤ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ያስመልሰዋል። ምንድን ነው አለችው። ጾም ነው፣ ደክሟት ነው፣ ተይያት ትተኛ አላት። አለቃ ነው፤ ባልዲዋን ይዛ ወጣች።

ይህን ስትነግረኝ የጉልበቷን ጨርቅ ይዛ ትጠመዝዘው ነበር። ለምን ዝም አልሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ ሰዎች። ይነቅዛል።

*

ገብረየስን ቤቱ አገኘሁት። ብቻውን ነው የሚኖረው እሱም፤ ሚስቱና ልጆቹ ሐረር ናቸው። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ የመጣሁበትን አወቀ። ወንበር ሰጠኝ፤ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ኩልሚዬ አይታዎታለች፣ ቁጥር ሰባት ላይም ሲሶ ሜታኖል ተጨምሮበታል አልኩት። ሌላ አላልኩም።

 ሁሉንም ሳያቋርጥ ተናገረ። ሰኞ ማታ መብራት ጠፋ፤ ማክሰኞ ጠዋት ቀድሞ ሲገባ ፍሪጁ ሞቋል። ለሌሎቹ ናሙናዎች መጠባበቂያ አለ፤ ቁጥር ሰባት ግን አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው። ቢፈላ ልኬታው መና ሊቀር ነው። ድሮ ሲማር ናሙና እንዳይበላሽ በሜታኖል ያቆዩት ነበር። ጠርሙሱ ጎደል ብሎ ስለነበር እስከ አፉ ሞላው። እንዳይጠጣ ላዩ ላይ ሊጽፍበት ቀይ ቀለሙን ፍለጋ ሲወጣ ስብሰባ ጠሩት። ስብሰባው እስከ ማታ ቆየ። ረሳው።

ረቡዕ ጠዋት ሐረር ሊሄድ ቦርሳውን ይዞ ገባ። እናትአለም ዐይኔ ላይ ነጭ ጨርቅ የጋረደኝ ይመስላል አለችው። ፍሪጁን ከፈተ፤ ጠርሙሱን አየ፤ ገባው።

«ሦስት ሰዓት ላይ አወቅህ ማለት ነው» አልኩት። አንተ ማለት የጀመርኩት እዚያ ላይ ነው።

«አወቅሁ።»

«ሆስፒታሉ አሥር ደቂቃ ነው።»

«ልወስዳት ነበር። ወስጄ ምን እላለሁ አልኩ። መርዝ ያጠጣኋት እኔ ነኝ ልበል? ሃያ ሰባት ዓመት የሠራሁ ሰው... ትንሽ ልጠብቅ፣ ይሻላት ይሆናል አልኩ። ብዙም አልጠጣች ይሆናል አልኩ። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። ከዚያ ሌላ አንድ ሰዓት። ከቀትር በኋላማ አሁን ብወስዳት ለምን እስካሁን ቆየህ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። በቆየሁ ቁጥር መውጫው ጠበበኝ።»

ጠርሙሱን አጠበ፤ ሰበረ፤ ጣለ። ስትሞት ብርጭቆውንና ሜታኖሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፤ በሩን ዘግቶ ወጣ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በመጀመሪያው መኪና በሐረር መንገድ ላይ ያለችው ባቢሌ ደርሶ ለማስመሰያ ኦቾሎኒ ገዝቶ ተመለሰ። ሁሉም ብቸኛ ናት ስለሚሉ ያምናሉ ብዬ አሰብኩ አለኝ። አምነውም ነበር።

ልነሳ ስል ያልጠየቅኩትን ነገረኝ። ምነው ባልነገረኝ።

«ዐይኗ ከጠፋ በኋላ ሣጥኑ ሲንቋቋ ሰማችኝ። በግድግዳው በኩል፣ ማነው? አለች። ማነው ያለው? አይታየኝም፣ እባክህ ናልኝ አለች። ሦስት ጊዜ። አልመለስኩላትም።»

ካቴናውን ያጠለቀለት ዐቦኮር ነው። እኔ ቀድሜ ወደ ውጭ ወጣሁ።

*

እማማ ቦጋለች ዓርብ ማታ ደርሰው እኔ ቤት አደሩ። ልጃቸው በገዛ እጇ እንዳልሞተች፣ ጭማቂው ውስጥ በስህተት መርዝ የጨመረና ስህተቱን የደበቀ አንድ ሰው መታሰሩን ነገርኳቸው። ስሙንና የረቡዕን ከሰዓት በኋላ ግን አልነገርኳቸውም። ፍርድ ቤት መስማታቸው አይቀርም፤ እስከዚያ ይቆይ ብዬ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ደብዳቤውን ለመምሬ ሉል ሰጠሁ። ቆመው አነበቡት፤ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተው ልብሰ ተክህኗቸውን ሊለብሱ ገቡ።

ፍትሐቱ ሙሉ ሆነ። አንድም ነገር አልጎደለም። ቀባሪ አይገኝም ብዬ ሠግቼ ነበር፤ እድር የላትምና። ፋሩቅ መደብሩን ዘግቶ ከገበያው ሰው ይዞ መጣ። ዐቦኮር ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ኩልሚዬ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ ፌኔት ወጥታ ደግፋ ይዛት ቆመች። እማማ ቦጋለች ጸሎቱ እስኪያልቅ አልተነቃነቁም። «እፎይ» ብለው አንድ ጊዜ ተነፈሱ፤ ሁለት ቀን የያዙት ትንፋሽ ይመስለኛል።

ሰው ሁሉ ሲበተን እኔና እሳቸው ቀረን። ክንዴን ያዙ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ስትሞት ብቻዋን ነበረች?»

ብዙ ውሸታም መርምሬአለሁ፤ ራሴ ግን መዋሸት አልሆነልኝም። አዎ ብላቸው ያን መሸከም አይችሉም፤ አይደለም ብላቸው ደግሞ...

«ሰው ነበረ» አልኳቸው። «ከጎኗ ባለው ክፍል ሰው ነበረ።»

ፊታቸው በራ። ከመጡ ጀምሮ እንዲያ ሆኖ አላየሁትም ነበር።

«ተመስገን። ያገሩ ሰው ደግ ነው ትለኝ ነበር። እግዜር ይስጠው። ስሙ ማን ይባላል? በጸሎቴ እንዳስበው።»

 ዐይን ዐይኔን ያዩኛል። ሌላ ስም መፍጠር አቃተኝ።

«ገብረየስ» አልኳቸው።

እንዳይረሱት ብለው ሦስት ጊዜ ደገሙት።